ስንት ጊጋ ቀረው?

በጥር ወር ጎንደር ውስጥ ከሆቴል አልጋ ቀጥሎ የሚጠፋው ነገር ባዶ ሃርድ ዲስክ ነው። የሰርጉ ወቅት ነው፤ ጥምቀትም እዚያው መሃል ላይ ይውላል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ታቦታቱን የሚከተለው ባለ ካሜራ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ በሌሊት ሄዶ ቦታ የሚይዘው፣ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ አንሥቶ የሚውለው፣ ሁሉም ማታ የቀዳውን የሚያራግፍበት ይፈልጋል። እኔ የምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሲያልፍ ጎራ ይላል። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ እየው፣ ስንት ጊጋ ቀረው?»

ቁጥሩን አይቶ መንገር ምንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከዚያ ቁጥር በስተጀርባ ያለው ነው። ኮምፒውተር ከሚያሳየን ቁጥሮች ሁሉ ሰው ሳይጠራጠር የሚቀበለው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። ማን ጠየቀ? ምን ሊያስቀምጥበት? በየትኛው ደቂቃ? መልሱ በእነዚህ ይለያያል። ያው ዲስክ፣ ያው ሰዓት፣ ሁለት ጠያቂዎች ሁለት የተለያየ መልስ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው።

በመጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ላሳልፈው። «የገዛሁት 1 ቴራ ነው፤ ኮምፒውተሩ 931 ይላል። ሌላውን ማን በላው?» ማንም አልበላውም። አምራቹ 1 ቴራ የሚለው 1,000,000,000,000 ባይትን ነው። ዊንዶውስ ያንኑ ባይት ሦስት ጊዜ ለ1024 ያካፍለውና የደረሰበትን 931 «ጂቢ» ብሎ ይጽፈዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የማክ ሥሪት ወደ አምራቾቹ አቆጣጠር ስለዞረ ያው ዲስክ ማክ ላይ ሲሰካ 1 ቴራ ሆኖ ይታያል። ሚዛኑ ተለያየ እንጂ ቦታው አልተነካም። ስለዚህ ነገር ብዙ ይወራል፤ እኔን ግን ከሁሉ ያነሰ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

ዲስኩ ራሱ ምን እንደያዘ አያውቅም። ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች ላይ መጻፍና ማንበብ ነው ሥራው። የትኛው ተይዟል፣ የትኛው ክፍት ነው የሚለውን መዝግቦ የሚይዘው ፋይል ሲስተሙ ነው። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ላይ በብዛት የምናገኘው ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት4፣ ዲስኩን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 4096 ባይት በሆኑ ብሎኮች ይከፋፍለዋል። ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቢት አለችው፤ 1 ከሆነች ብሎኩ ተይዟል፣ 0 ከሆነች ክፍት ነው። የእነዚህ ቢቶች መዝገብ ራሱ አንድ ብሎክ ሲሆን 32,768 ብሎኮችን፣ ማለትም 128 ሜጋባይትን ይሸፍናል። በ1 ቴራ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ የብሎኮች ቡድን 7,450 ያህል ይገኛል።

«ስንት ቀረ?» ሲባል ታዲያ እነዚያን ሁሉ ቢቶች አንድ በአንድ አይቆጥርም። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ክፍት ብሎኮች ድምር ይዞ ይቀመጣል፤ ዲስኩ ሥራ ሲጀምር የቡድኖቹ ድምር ተሰብስቦ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ብሎክ በተያዘ ቁጥር ይቀነሳል፣ በተለቀቀ ቁጥር ይደመራል። ብዙ ኮር (ሥራውን የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል) ባለው ኮምፒውተር ላይ ኮሮቹ በአንድ ቁጥር ላይ እንዳይሻሙ እያንዳንዱ የየራሱን ትንሽ ሂሳብ ይይዛል። ስለዚህ ለአዲስ ጽሑፍ ቦታ ሲሰጥ ኤክስት4 የሚያየው ድምር ለጊዜው በጥቂቱ ሊዛነፍ ይችላል። ቦታ ሲተርፍ ለዚህ ግድ የለውም። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ግን የኮሮቹን ሂሳብ አንድ በአንድ ሰብስቦ በትክክል ይደምራል። ገና ራም ላይ ያለ፣ ወደ ዲስኩ ያልወረደ ጽሑፍ እንኳ ቦታው አስቀድሞ ይቀነስለታል። የምናየው ቁጥር እንግዲህ ከመዝገብ የወጣ ሂሳብ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ዲስኩን ዞሮ ያየ የለም።

በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ የምናገኘው ፋይል ሲስተም፣ ፋት32፣ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ክፍቱን በትክክል ለማወቅ የትኛው ቦታ እንደተያዘ የተጻፈበትን ሰንጠረዥ በሙሉ ማንበብ ስላለበትና ይህም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ መጨረሻ ላይ ያወቀውን ቁጥር አንዲት ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። ያ ቁጥር ፍንጭ ብቻ ነው፤ ሕጉም እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ እውነት አትቁጠሩት ይላል። «አላውቅም» ለማለት የሚጽፈው ልዩ ቁጥር እንኳ ተመድቦለታል። ይህን ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ። ሆኖም ካርዱ እየተጻፈበት ሳለ ቢነቀል፣ ወይም መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ፍንጩና ሰንጠረዡ ይለያያሉ። መብራት እንደ ልቡ በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። ሰንጠረዡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ ቁጥሩን የሚያስተካክል የዲስክ መመርመሪያ ዊንዶውስ ላይ አብሮ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ወደ ፎርማት ይሮጣል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። በከተማችን በሰርግ ቪዲዮ የቆዩ፣ ከካሴት ዘመን ጀምሮ የሠሩ ሰው ናቸው። ስቱዲዮአቸው ውስጥ የድሮ ቀረጻ የሚያስቀምጡበት ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር አለ፤ ለእሱ አዲስ 4 ቴራ ዲስክ ገዝተው መጡ። ፎርማት አድርጌ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ስክሪኑን አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ገና ምኑም ሳይጫንበት ሁለት መቶ ጊጋ የት ገባ?»

«ጋሼ፣ አልጠፋም፤ ተቀምጦልዎት ነው።»

«ማን አስቀምጥልኝ አለው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አንድ ፕሮግራም ሊኑክስን ስለ ቦታ ሲጠይቅ ጠቅላላው፣ ክፍቱ፣ እንዲሁም ተራ ተጠቃሚ ሊይዘው የሚችለው ተብለው ሦስት ቁጥሮች ይመለሱለታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ለአስተዳዳሪው፣ ሩት ለሚባለው ተጠቃሚ የተከለለ ነው። ኤክስት4 ሲፈጠር ሌላ ካልታዘዘ በቀር 5 በመቶ ይከልላል። ከ4 ቴራ ላይ 200 ጊጋ ማለት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጋሼ ላይ የተከለለባቸው ከአራት ሰዓት በላይ ቀረጻ የሚይዝ ቦታ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የበርክሊ ዩኒክስ (በአሜሪካው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሲስተም) ፈጣን ፋይል ሲስተም የሚከልለው እስከ 10 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ፍጥነት ነው፦ ዲስኩ ጢም ሲል አዲስ ፋይል የተያያዘ ቦታ አጥቶ እዚህም እዚያም ይበታተናል፤ የዲስኩ ማንበቢያም እየዘለለ ሲፈልግ ይውላል። ሁለተኛም ምክንያት አለው። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ ቢያፍነው ሩት ገብቶ የሚያጸዳበት፣ የሥርዓቱ አገልግሎቶችም ሎግ (የውሎ መዝገባቸውን) የሚጽፉበት መተንፈሻ ይቀራል። ለጋሼ የነገርኋቸው በዘር እህል ነው፤ ጎተራው ቢራቆትም ለዘር የተባለው አይነካም፣ ቤት ውስጥ እህል አለ፣ ለመብላት ግን የለም።

«ጥሩ፤ እኔ ታዲያ ከዚህ ዲስክ ላይ ምን እዘራለሁ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ልክ ናቸዋ። ሲስተም ያልተጫነበት፣ የቀረጻ ማከማቻ ብቻ የሆነ ዲስክ ለሩት መተንፈሻ የሚሆን 200 ጊጋ አያስፈልገውም። 5 በመቶ የሚለው ዲስክ በሜጋባይት ይሸጥ በነበረበት ዘመን የተቆረጠ መጠን ነው፤ መቶኛው ባለበት ቆመ፣ ዲስኩ ግን አደገ። «ቲዩንቱኤፍኤስ» በምትባል ትዕዛዝ፣ ፎርማት ሳያስፈልግ፣ ወደ 1 በመቶ አወረድንላቸው። ሲስተሙ በተጫነበት ክፍል ላይ ግን 5ቱን አልነካም፤ ማንም እንዲነካውም አልመክርም።

ይህን ክለላ ያላወቀ ሰው «ዲኤፍ» የምትባለው፣ ስንት ተይዞ ስንት እንደቀረ የምትነግረው ትዕዛዝ የምታሳየውን ሲደምር ይደናገራል። የተያዘውና የቀረው ተደምረው ጠቅላላውን አይሞሉም። መቶኛውም የሚሰላው ከጠቅላላው ላይ አይደለም፤ ከተያዘውና ከቀረው ድምር ላይ ነው። 100 በመቶ ሞላ ሲል እንኳ ሩት ገና መጻፍ ይችላል። ጠቅላላው ራሱም ቢሆን የተቀነሰለት ነው፦ ኤክስት4 መዝገቦቹ የሚይዙትን ቦታ አስቀድሞ አውጥቶ ነው የሚነግረን፤ ሳይቀንስ እንዲነግረን የሚያደርግ አማራጭም አለ። ዊንዶውስም ከዚህ አይርቅም። ለጠያቂው የተፈቀደ ክፍት፣ ጠቅላላ፣ ጠቅላላ ክፍት ብሎ ሦስት ይመልሳል፤ ኮታ (የቦታ ገደብ) የተጣለበት ሠራተኛ የሚያየውና አስተዳዳሪው የሚያየው የማይገጥመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ብሎክ ነው። ክፍት ብሎክ ተትረፍርፎ ሳለ ዲስክ የሚሞላበት ጊዜም አለ። እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩን እንዳይ ተጠርቼ ሄድሁ፤ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» እያለ አዲስ ፋይል አልቀበልም ብሏል። ዲኤፍ ግን ግማሹ ክፍት ነው ትላለች። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ልጅ እንቅልፍ አጥቷል፤ ትልልቅ ፋይሎችን ወደ ውጭ ዲስክ ሲያጓጉዝ ነው ያደረው፤ ለውጥ የለም።

ያለቀው አይኖድ ነበር። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤቱ፣ መጠኑ፣ ብሎኮቹ የት እንዳሉ የሚጻፍበት አንድ አይኖድ ይፈልጋል። ኤክስት4 አይኖዶቹን የሚያዘጋጀው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለየ16,384 ባይቱ አንድ። በ1 ቴራ ላይ 61 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው 256 ባይት ስለሆኑ ገና አንድ ፋይል ሳይቀመጥ 15.6 ጊጋ ለእነሱ ይሄዳል። የፋይሎቹ አማካይ መጠን ከ16 ኪሎባይት ካነሰ ከብሎኩ በፊት አይኖዱ ያልቃል። በዚያ ሰርቨር ላይ የድረ ገጹ ፕሮግራም ለገባ ለወጣው ሁሉ ጥቂት መቶ ባይት የሆነች ፋይል ይፈጥር ነበር፤ የሚያጸዳት አልነበረም። ትልልቆቹን ፋይሎች ማንሣት አንድም ነገር አላስተካከለም፤ አንድ ትልቅ ፊልምም አንዲት ብናኝ ፋይልም አይኖዳቸው አንድ አንድ ነው። «ዲኤፍ» ከ«አይ» ምልክት ጋር ስትጻፍ ይህን ታሳያለች። ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ የሚባሉት ሌሎች ፋይል ሲስተሞች አይኖድን በሚያስፈልግበት ጊዜ ስለሚፈጥሩ እንዲህ ያለውን ጣጣ በአብዛኛው አያውቁትም።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው ጠፍቶ ያልጠፋው ፋይል ነው። በሊኑክስ ፋይል ማጥፋት ማለት ስሙን ከፎልደሩ መፋቅ ነው። ብሎኮቹ የሚለቀቁት ስም ሁሉ ሲያልቅና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሲዘጋው ነው። አንድ ሰው እጅግ ያበጠ ሎግ ያይና ያጠፋዋል፤ ሎጉን የሚጽፈው አገልግሎት ግን ፋይሉን እንደከፈተ ነው። ስም የለውም፣ ቦታ ግን ይዟል፤ ማደጉንም አላቆመም። «ዲዩ» የምትባለው ትዕዛዝ ፎልደር ለፎልደር እየዞረች ያገኘችውን ስለምትደምር አታየውም፤ ዲኤፍ የፋይል ሲስተሙን ድምር ስለምትጠይቅ ታየዋለች። ሁለቱ በመቶ ጊጋ ተለያይተው ሳገኛቸው መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። አገልግሎቱ ተዘግቶ ሲከፈት ቦታው ይመለሳል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትም ያው ውጤት ስላለው «ሪስታርት የማያድነው በሽታ የለም» የሚለው እምነት ከዚህ ከዚህ ነው የጸናው።

የፍላሽ ነገር አጭር ነው፤ ነገር ግን ሱቃችንን የሚያጨናንቀው እሱ ነው። ባዶ መስሎ «ሞልቷል» የሚል ፍላሽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቫይረስ ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትካት አስቀምጧል፤ ወይ ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ «የጠፋው» ሁሉ ፍላሹ ውስጥ ባለ ድብቅ የቆሻሻ ፎልደር ተከማችቷል። ዊንዶውስ ላይ ከፍላሽ የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ስለማይገባ ባለቤቱ እንዲህ ያለ ፎልደር ይኖራል ብሎ አያስብም። ሦስተኛው ግን ያሳዝናል፦ በርካሽ የተገዛ «2 ቴራ» ፍላሽ። ፋይል ሲስተሙ ስንት ሴክተር እንዳለ የሚሰማው ከፍላሹ ቺፕ ነው፤ ቺፑ ከዋሸ ፋይል ሲስተሙ በንጹሕ ልብ ውሸቱን ይመዘግባል። ክፍት ቦታው በትክክል ይሰላል፤ የተሰላበት ግን የሌለ ቦታ ነው። ከእውነተኛው ልክ ያለፈው ጽሑፍ ወይ ይጠፋል ወይ የቀደመውን ይደመስሳል፤ ኮፒው ግን «ተጠናቀቀ» ይላል። ይህን በማየት ማወቅ አይቻልም። ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው፤ «ኤፍ3» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንን ነው። ለሰርግ ቀረጻ የሚሆን አዲስ ካርድ ሳይፈተን ከሱቃችን ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ ደንበኛው ግን ይቸኩላል።

አዳዲሶቹ ፋይል ሲስተሞች ጥያቄውን ጭራሽ አወሳስበውታል። ቢቲአርኤፍኤስ፣ ዜድኤፍኤስና የአፕሉ ኤፒኤፍኤስ በአብዛኛው በነባሩ ላይ ደርበው አይጽፉም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፈው ነው አሮጌውን የሚለቁት። ያንን አሮጌ የሚይዝ ስናፕሾት (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚያቆይ ቅጂ) ካለ ግን አይለቀቅም። ማክ የሚጠቀም አርታኢ ጓደኛዬ ያለፈውን ዓመት ሰርጎች አጥፍቶ ዲኤፍ ንቅንቅ አልል ስትለው ደወለልኝ። የማኩ መጠባበቂያ ቅጂ ያዥ፣ ታይም ማሽን፣ በየሰዓቱ የሚያነሣውን ስናፕሾት እስከ 24 ሰዓት ዲስኩ ላይ ያቆያል፤ የጠፉት ሰርጎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። የማኩ ፋይል ማሳያ መስኮት፣ ፋይንደር፣ ግን «ሲያስፈልግ ሊለቀቅ ይችላል» ብሎ ያንን ቦታ ክፍት ውስጥ ስለሚቆጥር የበዛ ቁጥር ያሳያል። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት መስኮት፣ ሁለት መልስ። ኤፒኤፍኤስ ላይ ደግሞ ብዙ ክፍሎች አንድ ክፍት ቦታ ስለሚጋሩ እያንዳንዱ ሙሉውን የራሱ አድርጎ ያሳያል፤ የሚደምራቸው ሰው ሳያስበው ሀብታም ይሆናል።

ቢቲአርኤፍኤስ ለይቶለታል፤ የራሱ መሣሪያ የቀረውን ሲጽፍ «ግምት» ብሎ ነው የሚጽፈው። ዳታውንና ስለ ዳታው የሚይዘውን መዝገብ በተለያዩ ክፍሎች ስለሚያስቀምጥ፣ የዳታው ክፍል እየተረፈ የመዝገቡ ክፍል ሊያልቅበት ይችላል። በእንዲህ ያለ ፋይል ሲስተም ላይ ማጥፋትም መጻፍ ነው፤ ጢም ብሎ በሞላ ዲስክ ላይ ቦታ ለማግኘት ፋይል ስታጠፋ «ለማጥፋት ቦታ የለም» ሊልህ ይችላል። ዜድኤፍኤስ ይህን ስለሚያውቅ ከጠቅላላው አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ያህሉን ለክፉ ቀን ይዞ ይቀመጣል። ዞሮ ዞሮ የበርክሊዎቹ ክለላ በሌላ ስም መጣ።

ታዲያ ትልቅ ቀረጻ ከማራገፌ በፊት ምን አደርጋለሁ? ክፍቱን ጠይቆ «ይበቃል» ማለት ዋስትና የለውም፤ በጥያቄውና በኮፒው መካከል ሌላ ፕሮግራም ሊጽፍበት ይችላል። ኤክስት4 ላይ የሚሠራው አስቀድሞ ማስያዝ ነው፤ «ፋሎኬት» የምትባለው ትዕዛዝ የፋይሉን ሙሉ መጠን ገና ምንም ሳይጻፍበት ታስይዛለች፤ ቦታ ከሌለም ያኔውኑ ትናገራለች፤ ሦስት ሰዓት ከተቀዳ በኋላ አይደለም። ዜድኤፍኤስ ላይ ግን ይህች ትዕዛዝ ቦታ መኖሩን አይታ እሺ ትላለች እንጂ አትይዝም። እዚያ የሚያዘው በሪዘርቬሽን (ለአንዱ ክፍል ቦታ በመከለል) ነው። ለአንዱ ክፍል 500 ጊጋ ብታስይዝለት በዚያው ቅጽበት የጎረቤቶቹ ክፍት ቦታ በ500 ጊጋ ይወርዳል፤ ዲስኩ ላይ ግን አንዲት ባይት አልተጻፈችም። ጋሼ ማከማቻቸውን ወደ ዜድኤፍኤስ ላዙረው እያሉኝ ነው። ይህን ሲያዩ የሚጠይቁኝን ስለማውቀው እስካሁን አልነገርኋቸውም።